የውፍረት ኦፕራሲዮን፦ ስሊቭ ወይስ ባይፓስ? ቃርም፣ ስኳርም፣ የጉልበት ሕመምም ላለባት ሴት የቱ ይሻላል?

ደረጃ_ያደከማት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡14

ሰላም ቤተሰብ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ሊፍት የለም። ከገበያ ስመለስ 2ኛው ፎቅ ላይ ዘንቢሌን አስቀምጬ ስልክ የማወራ እመስላለሁ። ስልኩ ላይ ማንም የለም። ጎረቤት ሲያልፍ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ፣ ትንፋሼ እስኪመለስ።

38 ዓመቴ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ኪሎዬ 118። ስኳር ከያዘኝ 6 ዓመት ሆነኝ፤ የምወስደው ሜትፎርሚን ነው፣ ኢንሱሊን አልጀመርኩም። ቃር አለብኝ፤ ማታ ሁለት ትራስ ደርቤ ነው የምተኛው። ጉልበቴንማ ተዉት፤ ዲክሎፍናክ የሚባለውን ማስታገሻ ሳልውጥ የዋልኩበት ቀን ትንሽ ነው።

ያልሞከርኩት የለም። ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ ቁርስ መተው፣ ጂም (የ3 ወር ከፍዬ 11 ቀን የሄድኩበት)። አንዴ 14 ኪሎ ቀነስኩ። በዓመቱ 19 ጨመርኩ።

አሁን ለውፍረቱ ቀዶ ሐኪም ጋ ሄጄ ሁለት የጨጓራ ኦፕራሲዮን ምርጫ ሰጠኝ፤ ስሊቭ (ጨጓራውን ቆርጦ ማሳነስ) ወይም ባይፓስ (ምግቡ አብዛኛውን ጨጓራ ዘሎ አንጀት እንዲገባ ማድረግ)። «አስቢበትና ኢንዶስኮፒ ታይተሽ ነይ» አለኝ፤ በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራን የሚያዩበት ምርመራ ነው። የባሌ እህት «ስሊቭ ቀላሉ ነው» ትላለች። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ «ባይፓስ ካልሆነ አትነካኪው» ትላለች። ሁለቱም ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነው የሚመልሱት።

ያሠራችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ። ጸሎቱን እያደረግኩ ነው፣ እሱን ተዉልኝ።

---

ባለ_ስሊቭ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

እህቴ፣ የካ አባዶ ነኝ። ስሊቭ ካሠራሁ 2 ዓመት ከ4 ወር ሆነኝ። ከ109 ወደ 76 ወርጃለሁ። አልጸጸትም። ግን ማንም ያልነገረኝን ልንገርሽ።

ከሰመመን ስነቃ የጠየቅኩት ውሃ ነው። ነርሷ በሽሮፕ ክዳን ሰጠችኝ። እውነቴን ነው፣ በሽሮፕ ክዳን። እሷን ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ቁስሉ ሳይሆን ያሰቃየኝ ሆዴ ውስጥ የነፉት ጋዝ ነው፤ ትከሻዬ ላይ ወጥቶ ይወጋኝ ነበር። መድኃኒቱ መራመድ ነው አሉኝና ሌሊቱን ኮሪደሩን ስለካ አደርኩ።

በ4ኛው ሳምንት ጎበዝ ነኝ ብዬ ለስላሳ እንጀራ በሽሮ ሞከርኩ። ሁለት ጉርሻ። ደረቴ ላይ ቆመ። ሊጥ የዋጥኩ ነው የመሰለኝ። አላለፈም፣ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እስከ 5ኛው ወር እንጀራ አልነካሁም። ለኛ ሰው ይሄ ከኦፕራሲዮኑ ይብሳል። ቤቱ ሁሉ እንጀራ ሲቆርስ አንቺ በሻይ ማንኪያ እርጎ ትቆጥሪያለሽ።

በ4ኛው ወር ጸጉሬ በማበጠሪያው እየተጎተተ ይወጣ ነበር። ተመልሷል፣ አትደንግጪ።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። እኔ ከስሊቭ በፊት ቃር የሚባል አላውቅም ነበር። አሁን ኦሜፕራዞል፣ የአሲድ መቀነሻው ክኒን፣ ከቦርሳዬ አይጠፋም። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ምንም አልቀምስም፤ ከቀመስኩ እንቅልፍ የለም። አንቺ ደግሞ ሳትጀምሪው አለብሽ። ሐኪምሽን «ቃሬን ምን ታደርገዋለህ?» ብለሽ ጠይቂው።

---

ጋሽ_መካሪ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ልጆቼ፣ እኔ 67 ዓመቴ ነው። እኛ ከሰበታ ዓለም ገና በእግራችን ተመላልሰን ነው ያደግነው። ቦርጭ የሚባል አናውቅም። እግዜር የሰጠውን ጨጓራ ቆርጦ መጣል ምን ይሉታል? አፍ መዝጋት ነው መድኃኒቱ። ሁለት ወር ቆሎና ውሃ ብቻ እየቀመስሽ ሞክሪው።

---

ባለ_ስሊቭ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡51

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፤ እኔም ቆሎ ቆርጥሜ ነው እዚህ የደረስኩት። ቆሎ ደግሞ የዋዛ ምግብ እንዳይመስልዎት!

---

ነርስ_ከሱሉልታ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፣ ቤት ስገባ አየሁት። ቀዶ ሐኪም አይደለሁም። ግን እነዚህን ታካሚዎች በሚተኙበት ክፍል ሠርቻለሁ።

በመጀመሪያ ለጋሼ። ኪሎ ሲቀንስ ሰውነት ያስርበናል፣ ጉልበት መቆጠብም ይጀምራል። 14 ቀንሳ 19 የጨመረችው ስለሰነፈች አይደለም። ኦፕራሲዮኑ የሚሠራው ሆዱን በማሳነስ ብቻ ሳይሆን የረሃቡን ምልክት በመቀየር ጭምር ነው።

ስሊቭ ላይ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ጨጓራ በስቴፕለር ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ነው። የወጣው አይመለስም። ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመረተው በሚወጣው በኩል ስለሆነ ረሃቡ ይበርዳል። ግን ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ውስጡ ግፊት አለ። ግፊቱ አሲዱን ወደ ላይ ይገፋዋል። የባለ ስሊቭ ቃር ከዚህ ነው የመጣው።

ባይፓስ ላይ ምንም ተቆርጦ አይወጣም። ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ኪስ ይለያሉ፤ ግማሽ የቡና ሲኒ በሉት። ከዚያ ቀጭን አንጀቱን ቆርጠው ከኪሷ ጋር ይሰፉታል። ምግቡ ትልቁን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። አሲድ የሚያመነጨው ትልቁ ጨጓራ ከመንገዱ ስለወጣ ቃር አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል። ስኳር ላይም ጠንከር ይላል፤ በተለይ ስኳሩ ብዙ ዓመት ያልቆየና ኢንሱሊን ያልጀመረ ሰው ላይ።

«የቱ ይበልጥ ያቀንሳል?» የሚለው ጥያቄ ግን ሰዉ እንደሚያስበው ትልቅ አይደለም። ፊንላንድ ውስጥ 240 ሰው በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን ስሊቭ ለሌላው ባይፓስ ሠርተው 10 ዓመት ተከታተሏቸው። ውጤቱ በፈረንጆቹ 2022 ታተመ። ስሊቮቹ ከትርፍ ኪሏቸው 43 በመቶ ገደማ፣ ባይፓሶቹ 51 በመቶ ገደማ ቀንሰው ተገኙ። ይህን በአንቺ ልክ ላስላው። ለቁመትሽ 66 ኪሎ ቢሆን ትርፍሽ 52 ነው። በ10 ዓመቱ ስሊቩ 22 ኪሎ፣ ባይፓሱ 26 ኪሎ አካባቢ አራግፎልሽ ይገኛል ማለት ነው። 4 ኪሎ ልዩነት። (መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ከዚህ በላይ ይቀንሳሉ፤ በኋላ የተወሰነው ይመለሳል።)

ልዩነቱ የሰፋው ሌላ ቦታ ነው። በ10ኛው ዓመት በኢንዶስኮፒ ሲታዩ የምግብ ቧንቧቸው በአሲድ ተቆጥቶ የተገኙት ከስሊቮቹ 31 በመቶ፣ ከባይፓሶቹ 7 በመቶ ናቸው።

ስለዚህ ጥያቄሽን ከሚዛኑ ላይ አንስተሽ ሁለቱ ትራስ ላይ አድርጊው።

---

ጉርሻ_ሸሺ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡35

ነርሷ ጨረሰችው። እኔ ባይፓስ ነኝ፣ ለገጣፎ። 4 ዓመቴ። ከ141 ወደ 92። የስኳር መድኃኒቴን ሐኪሙ በ3ኛው ወር አቋረጠልኝ፤ የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራዬ እስካሁን ደህና ነው።

ስሜን ያያችሁት ያለ ነገር አይደለም። የእህቴ ልጅ ምርቃት ላይ አክስቴ ድፎ ዳቦ በማር ነክራ «በሞቴ» አለችኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል እያለች ሁለተኛውን ደገመችኝ። ስድሳ ሰው እያየኝ ነው። ዋጥኩት። 20 ደቂቃ ሳይሞላ ልቤ ይደልቅ ጀመር። ላብ አጠመቀኝ። ሆዴ ተላወሰ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ወንበሩን ዘርግቼ ተኛሁ። አክስቴ መስኮቱን እያንኳኳች «ቡዳ ነው፣ ጤና አዳም አምጡ» ትላለች። ቡዳው ማሩ ነበር። ዳምፒንግ ይሉታል፤ ጣፋጩ በኪሷ ሳይቆይ አንጀት ውስጥ ዘሎ ሲገባ ነው። እውነቱን ለመናገር ይሄ ነገር ጠቅሞኛል። ከዚያ ወዲህ ለስላሳ መጠጥ ሳይ ትዝ የሚለኝ የመኪናው ጣሪያ ነው።

መጠጥም ልንገራችሁ። አንድ ቢራ ድሮ ሦስት የሚሠራውን ይሠራል፣ ያውም በቶሎ። መንዳት የለም።

የባይፓስ ዕዳው ቫይታሚን ነው። ዕድሜ ልክ። ብር ሐምሌ 2016 ከተንሳፈፈ ወዲህ የውጭ ቫይታሚን ዋጋው አልቀመስ አለና «ደህና ነኝ እኮ» ብዬ 8 ወር ተውኩት። የእግሬ ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ። ቢ12 አልቆ ነው። አሁን ሰፈር ክሊኒክ በወር አንዴ እወጋለሁ፤ ከክኒኑ ይረክሳል፣ አይረሳም። ይሄን መቀጠል የማትችይ ከሆነ ባይፓስ አትግቢ።

---

ለገሃር_ነበርኩ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡10

ባሉኑስ? ሳይቀደድ በአፍ ገብቶ ጨጓራ ውስጥ የሚነፋው። ቀለል ያለ ይመስላል።

---

ነርስ_ከሱሉልታ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡48

ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይቀመጣል፣ ይወጣል። ሲወጣ ረሃቡ ይመለሳል። ቢኤምአይዋ (ኪሎ ከቁመት ጋር ሲሰላ) 45 ለሆነ ሴት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ጨጓራ ላይ የሚታሰረው ቀለበት ደግሞ አሁን እየተተወ ነው፤ ይንሸራተታል፣ ጨጓራውን ይበላል፣ ብዙዎቹ ተመልሰው ሊያስወጡት ገብተዋል። ሚኒ ባይፓስም አለ፤ ከአንጀት ጋር የሚሰፋው አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ ኦፕራሲዮኑ ያጥራል፣ ግን ሐሞት ወደ ላይ የመመለስ ችግር አለው። ቃር ላለበት ሰው ይሄ መታሰብ አለበት።

---

ሻንጣዬን_ይዤ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

እኔ ቱርክ ሄጄ ነው ያሠራሁት። አገሩን አልወቅስም፣ ጥሩ የገጠማቸው ብዙ አውቃለሁ። የኔ ጥፋት ወረቀቱን አለማየቴ ነው። ቤቴ ገብቼ በ10ኛው ቀን ትውከት ጀመረኝ። ውሃም አይረጋም። እዚህ ያየኝ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን ዓይነት ነው የተሠራልሽ?» ነው። ሪፖርቱን ሰጠሁት። በቱርክኛ ነው። አስተርጓሚዋ ዋትሳፕ ላይ ሁለት ሰማያዊ ምልክት ታሳየኛለች፣ መልስ የለም። ነጭ ፈሳሽ አጠጥተው ራጅ አንስተው ነው የተረዱት። ግሉኮስና ቫይታሚን ቢ1 ሰጥተው ነው ያዳኑኝ።

የትም ብትሄጂ ዝርዝሩን በእንግሊዝኛ ሳትይዢ አትውጪ። ስትመለሺ የሚከታተልሽን ሐኪም ሳትሄጂ በፊት አግኚው። እዚህ ብትሠሪ ግን ይሻላል፣ ቢያንስ በቋንቋሽ ትጮሂያለሽ።

---

ደረጃ_ያደከማት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቴ አነበብኩት። ባሌንም አስነበብኩት፤ «ባይፓስ ነው እንግዲህ» ብሎ ተኛ። ለሱ ቀላል ነው።

ሦስት ነገር ቀርቶኛል። ዲክሎፍናኩን ምን ላድርገው? ጾምስ? እኔ ዐቢይን አልፈታም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ሌላው ደግሞ ኦዘምፒክ የሚባለው ኪሎ የሚቀንስ መርፌ፤ እሱ ካለ ለምን እቆረጣለሁ?

---

ነርስ_ከሱሉልታ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ዲክሎፍናኩ የነገሩ ቋጠሮ ነው። ጥሩ አነሳሽው። ከባይፓስ በኋላ ዲክሎፍናክ፣ አይቡፕሮፌንና የመሳሰሉት ክልክል ናቸው። ኪሷ ከአንጀቱ ጋር የተሰፋችበት ቦታ ላይ ቁስል ያወጣሉ፤ ቁስሉ ይደማል፣ ሊበሳም ይችላል። ሲጋራም እንዲሁ። ስሊቭ ላይ ይሄ ነገር ትንሽ ይላላል። እንግዲህ ቃርሽ ወደ ባይፓስ ይጎትትሻል፣ ጉልበትሽ ወደ ስሊቭ። ጉልበትን በሌላ መንገድ ማከም ይቻላል፤ ፓራሲታሞል አለ፣ ፊዚዮቴራፒ አለ፣ ኪሎውም ሲወርድ ራሱ ያቀለዋል። በስሊቭ የባሰ ቃር ግን ክኒን ካልያዘው ብዙ ጊዜ ማምለጫው ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ነው፤ ስሊቩን ወደ ባይፓስ መቀየር። ሁለቴ ከመተኛት አንዴ።

ኢንዶስኮፒውን ባይፓስ ከመሠራቱ በፊት በደንብ ይዩልሽ። በኋላ ያ ትልቁ ጨጓራ ውስጥሽ ይቀራል፣ በአፍ የሚገባው ተራ ካሜራ ግን አይደርስበትም። የጨጓራ ባክቴሪያም ካለ አስቀድሞ ይታከማል። በኛ አገር ደግሞ ብዙ ሰው ላይ አለ።

ጾሙን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። እኔ ሒሳቡን ልንገርሽ። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሻል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው። ምስር ጥሩ ነው፣ ግን የሚበቃሽን ያህል ምስር ኪሷ ውስጥ አይገባም። የመጀመሪያዎቹ ወራት በ55 ቀን ጾም ላይ ከወደቁ ጡንቻሽን ነው የምትበይው። የኦፕራሲዮኑን ቀን ከፋሲካ በኋላ አድርጊው።

---

ኡሙ_ሀያት | ረቡዕ፣ ከቀኑ 5፡00

እኔ ቡራዩ ነኝ፣ ስሊቭ፣ 3 ዓመቴ። በመጀመሪያው ረመዳን ሐኪሙ አትጹሚ አለኝ፣ አልጾምኩም፣ አለቀስኩ። በሁለተኛው ጾምኩ። የሚከብደው ረሃቡ አይደለም፣ እሱ የለም። ውሃው ነው። አንድ ጊዜ ጎንጭቶ መጠጣት ስለማይቻል ከመግሪብ እስከ ሱሁር ጠርሙሴን ይዤ ነው የማመሸው። ከምግብ ጋር ደግሞ መጠጣት የለም፤ ከበላሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ትጠብቂያለሽ። ተራዊህ ላይ እንኳ ጠርሙሴ አጠገቤ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ወንዶቹ አያነሱትም። ወር አበባ ለምናይ ሴቶች ብረት ቶሎ ያልቃል፣ ባይፓስ ላይ ይብሳል። ብረቱን ከካልሲየሙ ጋር አንድ ላይ አትዋጪ፣ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። በቡናና በሻይም አትዋጪው። ልጅ ካሰብሽ ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር መቆየት ነው። ኪሎ ሲወርድ ማሕፀን ይነቃል! እኔ ጎረቤቴን አይቻለሁ፣ አትወልጂም የተባለችውን።

---

ጉርሻ_ሸሺ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡22

ስለ መርፌው፤ ወንድሜ ይወስዳል። ይሠራል። ግን ስትተዪው አብዛኛው ኪሎ ይመለሳል፣ ስለዚህ እየገዛሽ መኖር ነው። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። እኛ ሰፈር መብራት ሁለት ቀን ይጠፋል። ወንድሜ መርፌውን በፌስታል አንጠልጥሎ ጄኔሬተር ያለው ዘመድ ቤት ሲሮጥ አይቼዋለሁ። ሻንጣ ውስጥ ገብቶ የመጣ ሲሆን ደግሞ መንገድ ላይ ስንት ሰዓት እንደሞቀ ማን ያውቃል?

---

ደረጃ_ያደከማት | ከ3 ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10፡40

ተመልሻለሁ። ኢንዶስኮፒውን ታየሁ። ሳልሞት ወጣሁ፤ ጉሮሮዬን የሚያደነዝዘው ስፕሬይ ነው የከፋው።

ውጤት፦ የምግብ ቧንቧዬ ታችኛው በኩል ተቆጥቷል። ጨጓራዬ ትንሽ በዲያፍራሙ በኩል ወደ ደረት ሾልኮ ወጥቷል፣ ሄርኒያ ነው አለ። ባክቴሪያውም አለ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ «አሁን ስሊቭ አልመርጥልሽም» አለ። እኔም «እኔም አልመርጥም» አልኩት። ደስ አለኝ፣ አውቄ ስለገባሁ።

የ14 ቀን አንቲባዮቲክ ጀምሬያለሁ፤ አፌ ብረት ብረት ይላል። ሲያልቅ ደግሜ እመረመራለሁ። ዲክሎፍናኩን ጣልኩት። ለጉልበቴ አጥንት ሐኪም ቀጠሮ አለኝ። የንስሐ አባቴ ደግሞ ቆጣ አሉ፤ «ታመሽ የምትጾሚው ለማን ብለሽ ነው?» አሉኝ። ቀኑ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጉበቴ እንዲያንስ 2 ሳምንት ጥብቅ ምግብ አለ።

እናቴ ስድስት ሲኒ አምጥታ ደረደረችልኝ። አንዱን ግማሽ ውሃ ሞልቼ አየሁት። ዝም ብዬ አየሁት።

አሁን የሚያስፈራኝ ሌሊቱ ነው። ከቱሉ ዲምቱ በ8 ሰዓት ሌሊት አንድ ነገር ብሆን ማን ያደርሰኛል?

---

ነርስ_ከሱሉልታ | እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡30

የመጀመሪያውን ሳምንት ሆስፒታሉ አጠገብ ዘመድ ካለሽ እዚያ ሁኚ። የሚያስጠነቅቁሽ እነዚህ ናቸው፦ ተኝተሽ የልብሽ ምት በደቂቃ ከ120 በላይ ከሆነ፣ ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የእግር ባት እብጠት። ስፌቱ ሊያፈስ ይችላል፤ ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፣ ሲደርስ ግን ሰዓት አይሰጥም። «ይነጋል» ብለሽ አትጠብቂ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እነሱን ብቻ አትጠብቂ፣ መኪና ያለው ጎረቤት አስቀድመሽ ያዢ።

---

ጋሽ_መካሪ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡05

ልጄ፣ ቆሎውን ያልኩትን ተይው። በሰላም ግቢ፣ በሰላም ውጪ።

---

ቪትዝ_ነጂ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡18

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር የከረምኩት። እኔም ቱሉ ዲምቱ ነኝ፣ ከታክሲ ተራው ማዶ። አሮጌ ቪትዝ አለችኝ፣ ሌሊት ትነሳለች። ስልኬን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ፤ ለባለቤትሽም ስጪው። ከሆስፒታል ስትመለሺም እኔ አመጣሻለሁ።

---

ደረጃ_ያደከማት | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡26

ወንድሜ፣ ምን ልበልህ። 4ኛ ፎቅ እንደሆንኩ አንብበሃል አይደል?

---

ቪትዝ_ነጂ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡29

አንብቤያለሁ። 2ኛው ላይ ቆመን ስልክ እናወራለን።